ኢንጂነሩና የምስር ፓስታ

በየሕንፃው አንድ ሁሉን አዋቂ ጎረቤት አለ። ከሌለ ሕንፃው ገና ተሠርቶ አላለቀም ማለት ነው። ደረጃ ላይ ሻንጣ ተሸክመህ ሲያገኝህ "እንዲህ አይያዝም" የሚልህ፣ በርህን ስትከፍት የቁልፍ አዟዟርህን የሚያርምህ፣ ስታስነጥስ ጉንፋኑ መቼ እንደሚለቅህ የሚነግርህ እሱ ነው።

የእኛው ሁሉን አዋቂ ከበሬ ትይዩ ይኖራሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። "ክቡር ኢንጂነር" የሚለውን ማዕረግ የሰጠናቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን፤ እሳቸውም ሳያንገራግሩ ተቀብለውታል። የሕንፃችን ሊፍት ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መካከል ላይ የመቆም አመል አለው። ይህን ስታነሳባቸው "ሊፍቱ ምንም አልሆነ፤ ተሳፋሪው ነው አቋቋም የማያውቀው" ይሉሃል።

ክቡርነታቸው በዕድሜያቸው መመሪያ አንብበው አያውቁም። "መመሪያ የሚጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው!" ይላሉ። ዕቃ በገዙ ቁጥር ወረቀቱ ተጣጥፎ የሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር ሥር ይገባል። አንድ ጊዜ ቧንቧ ሠሪ ብጠራ ደርሰው ሰውዬውን ማስተማር ጀመሩ። ቧንቧ ሠሪው ሰማ፣ ሰማና መፍቻውን አስረክቧቸው ወጣ። ወጥ ቤቴ ለሁለት ቀን ኩሬ ሆኖ ሰነበተ። "ቧንቧውማ ልክ ነው፤ ውሃው ነው የበዛው" አሉኝ። የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፋቸውን ከፍተው ተኝተው እንኳ በእጃቸው አቅጣጫ ሲሰጡ ነበር ይባላል። አላየሁም፤ ግን ልምልልህ እችላለሁ።

ባለፈው ዓመት ባለቤታቸው ታመሙ። እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያመልጠው ሴት። ሆዳቸውን እያመማቸው፣ እየከሱ ወራት ካለፉ በኋላ ሐኪሙ ነገሩን ደረሰበት። ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባለው ነገር አንጀታቸውን ይጎዳዋል። ከእንግዲህ ስንዴ የነካው ነገር፣ ቅንጣትም ብትሆን፣ በአፋቸው እንዳይዞር አለ። ክቡርነታቸው ሐኪሙን አላረሙትም።

ትልቁ ጭንቅ እሁድ ነበር። እሁድ እሁድ የእትዬ እህቶች ልጆቻቸውን አስከትለው ለምሳ ይመጣሉ፤ ምሳውም በትልቅ ድስት የተቀቀለ ፓስታ ነው። ከዚያ ወዲህ እትዬ በትንሽ ድስት ለብቻቸው ሩዝ ሠርተው ቀድመው ይበሉና፣ ሰው ገበታ ሲቀርብ እሳቸው ስፌት መኪናቸው ጋ ይቀመጣሉ። "እኔ በልቻለሁ፣ እናንተ ብሉ።" እህቶቻቸው በፊታቸው መብላቱ እያሳቀቃቸው አንድ እሁድ እየዘለሉ፣ ኋላም ሁለት እየዘለሉ ቀሩ። በስተመጨረሻ ቤቱ ጭር አለ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ክቡርነታቸው ቀላ ያለ ፓስታ የታሸገበት ፓኬት ይዘው ቆመዋል።

"ና እስቲ" አሉኝ። "ይሄ ከምስር የተሠራ ነው። ስንዴ የሚባል አልነካውም። እሷም እህቶቿም ከአንድ ድስት ይበላሉ።"

"ጥሩ ነዋ ጋሼ! አሠራሩ ጀርባው ላይ..."

"መመሪያ የሚጻፈው..."

"ለማያውቅ ሰው ነው" ብዬ ጨረስኩላቸው።

እንደለመዱት አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀቀሉት። ሹካ ይዘን ቀርበን ማንኪያ ፍለጋ ተመለስን። በሁለተኛው ቅዳሜ ድስቱን ጢም አድርገው ሞልተው፣ ከድነው ወደ ሬዲዮናቸው ሄዱ። ለካስ ምስር አረፋው ብዙ ነው! ክዳኑን አንስቶ ወጣና ምድጃውን አጥለቀለቀው። በሦስተኛው ቅዳሜ ደግሞ ፈርተው ቶሎ አወጡት። ጥርሴ ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰምተው "ጥርስህን ብትታይ ጥሩ ነው" አሉኝ።

በአራተኛው ቅዳሜ በሬን ስከፍት ፊታቸው ሌላ ነበር። መነጽራቸውን አድርገዋል፤ በላዩ ላይ ደግሞ አጉሊ መነጽር ደርበው የፓኬቱን ጀርባ ያነባሉ።

"ሰባት ደቂቃ ይላል" አሉ ቀስ ብለው። "ሳይከደን። እኔ እንጃ፣ አላውቅም። እባክህ አንተ ቅመስልኝ።"

አላውቅም! በአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትናችን ይህችን ቃል ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሹካዬን ይዤ ተከተልኳቸው።

ማማሰያውም ማጥለያውም አዲስ ነበር፤ የድሮው ስንዴ ነክቶታል ተብሎ ከቤት ወጥቷል። ከአምስተኛው ደቂቃ ጀምሮ በየግማሽ ደቂቃው አንዳንድ ዘለላ እያወጡ ሰጡኝ። ሰባት ላይ ደረሰ። ልክ እንደ ስንዴው ነው ብዬ አልዋሽም፤ ምስርነቱን አይደብቅም። ግን ጣፈጠኝ፤ የቀረውንም ቆሜ ጨረስኩት።

እህቶች ለማግስቱ ተጠሩ። እኔም በደስታ ብዛት "ስጎው የእኔ ነው!" ብዬ ቃል ገባሁ።

እሁድ ስጎዬን ይዤ ስደርስ ሳሎኑ ሞልቷል። ክቡርነታቸው ወጥ ቤት በር ላይ አስቆሙኝ።

"ምን ምን ገባበት?"

እንደ ሌባ መፈተሼ ቅር አለኝ። "ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት። ትንሽ ቀጥኖብኝ ነበርና ወፈር እንዲል አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱ..."

ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼ ነው። አራት ቅዳሜ የተለፋበትን ነገር በአንድ ማንኪያ ዱቄት ገደል ልከተው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እትዬን ላሳምማቸው ነበር።

የስድቡን ናዳ ጠበቅኩ፤ ይገባኝ ነበር። እሳቸው ግን ድስቱን ተቀብለውኝ ራቅ አድርገው አስቀመጡትና እጃቸውን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ወደ ሳሎኑ ብቅ ብለው፣

"ይቅርታ፣ ስጎውን አሳረርኩት" አሉ። "እሳቱን አበዛሁት። አሥር ደቂቃ ታገሱኝ።"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ የሚያላክክ ሞልቷል። የሰውን እከክ ወደ ራሱ የሚያላክክ ግን ያን ቀን ማየቴ ነው፤ ያውም በሕይወቱ ተሳስቶ የማያውቅ ሰው! እሳቸው ቲማቲም ከተፉ፣ እኔ ሽንኩርት። ዓይኔ እንባ ሞላ።

"ሽንኩርቱ ነው" አልኩ።

"አውቃለሁ" አሉ።

እኚህን ሰውዬ ለካ እወዳቸዋለሁ።

የፓስታው ድስት ገበታው መሃል ተቀመጠ። እትዬ ከስፌት መኪናቸው ተነስተው ከእህቶቻቸው መካከል ገቡ። የመጀመሪያውን ጉርሻ በሹካ ጠቅልለው ሲያነሱ ሁላችንም የማናይ መስለን አየን። ክቡርነታቸው ማማሰያቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

"እሺ?" አሉ በመጨረሻ።

"ጨው ያንሰዋል" አሉ እትዬ፤ እያሉም ሁለተኛውን ጠቀለሉ። ገበታው በሳቅ ፈነዳ፤ ልጆቹም ሳህናቸውን እያጋጩ ተሻሙ።

ጨዋታው ሲደራ እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"አርባ ዓመት አብሬው ኖርኩ። ያሳረረው ድስት ቁጥር የለውም፤ 'አሳረርኩ' ሲል ግን ዛሬ ገና ሰማሁት። ምን አድርገህ ነው?"

እያፈርኩ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ቀና ብለው ባላቸውን ተመለከቱ፤ እሳቸው ታላቋን እህት ፓስታ በሹካ አጠቃለል ያስተምራሉ። እትዬ ረጅም ጊዜ አዩዋቸው።

"እኔ ምንም አልሰማሁም" አሉኝና ባዶ ሳህናቸውን ዘረጉልኝ። "ጨምርልኝ።"