የግል ማስታወሻዬና «እነሱ»

ምስጢር የለኝም የሚል ባል ካጋጠማችሁ እመኑት። ሚስቱ አንብባ ጨርሳዋለች ማለት ነው!

እኔ ግን ነበረኝ። ማለቴ... ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ፤ ብቅል ያለበት ቤት አልገባም። ታዲያ የኔን ሆድ ማን ያውጣልኝ? ኢንተርኔት ቤት ገባሁ።

ነገሩ የተጀመረው አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ነው። ለአንድ ሳምንት ብለው መጥተው፣ ክረምቱ እሳቸው እያሉ ገባ፣ እሳቸው እያሉ ወጣ። ካራ ያለችው ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፤ በአንደኛው ክፍል ያሰቡት በሌላኛው ይሰማል። እንዲህ ባለ ቤት ደብተር ገዝቶ የግል ማስታወሻ መጻፍ፣ አዋጅ ጽፎ በር ላይ እንደ መለጠፍ ነው። መሥሪያ ቤት አጠገቤ የሚቀመጠውን ዳንኤልን ይኼን ባጫውተው ሳቀብኝ።

«አንተ ደግሞ፣ በዚህ ዘመን ደብተር? ኦንላይን ጻፍ እንጂ! ፓስዎርድ አለው። ካንተና ከፈጣሪ በቀር የሚያየው የለም።»

(ፈጣሪ ያለ ፓስዎርድ እንደሚገባ ልብ በሉልኝ።)

ታክሲ ተራው አጠገብ ረሕማ የምትባል ልጅ ኢንተርኔት ቤት አላት። ከፊት የሞባይል ካርድ ትሸጣለች፣ ከኋላ ኮምፒዩተር ደርድራለች። ማንም እንዳያየኝ ጥጉ ላይ ያለውን መረጥኩ። ረሕማ ገጹን ከፈተችልኝና፣ «ጋሼ፣ ፓስዎርዱን ሲጽፉ ልዙርልዎት?» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እንዲህ ያለ ጨዋነት! ከፓስዎርዱ ሥር በእንግሊዝኛ «አስታውሰኝ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። መታወስ የሚጠላ ማን አለ? ራይት አደረግኩባት።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ጻፍኩ። ስለጠፋው ውሃ ጻፍኩ። ግምገማ በመጣ ቁጥር ራሱን በጥንካሬ ስለሚገመግመው አለቃዬ ጻፍኩ። አማቴ የኔን ጸሎት ከጎን ሆነው እንዴት እንደሚያርሙ ጻፍኩ። ስወጣ ትከሻዬ ይቀለኛል፤ እንጦጦ ራሱ የሚራመድልኝ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ግን ከበድ ያለ ነገር መጣ። ዱባይ ያለችው የባለቤቴ እኅት ሥራ አግኝታላት «ነይ» አለቻት። ሰናይት፣ ባለቤቴ ማለቴ ነው፣ «ምን ትላለህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አንቺ እንደመሰለሽ» አልኳት። ወንድ ነኛ!

በማግስቱ ረሕማ ቤት ሄጄ እውነቱን ጻፍኩ። «እንድትሄድብኝ አልፈልግም። እሷ ከሄደች ከማን ጋር ነው የምስቀው?» ስል እንባዬ መጣ። አፍንጫዬን ስስብ ረሕማ ሰማችኝ።

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ቫይረስ ነው።»

«ውይ! ኮምፒዩተሬ ላይ?»

ተዉኝ... ብቻ ከዚያ ወዲያ ሰናይት የዱባይን ነገር ሳታነሳ ቀረች። እኔም አላነሳሁም። ጸሎቴ ተሰማ አልኩ፤ ለዚያውም ሳይታረም።

በዚህ ሰላም መካከል አንድ ማክሰኞ ገጹን ስከፍት ከላይ ምን ይላል? «ለመጨረሻ ጊዜ የገቡት ቅዳሜ ጠዋት ነው።» ቅዳሜ ጠዋት እኮ እኔ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነበርኩ! ታዲያ እኔን ሆኖ የገባው ማን ነው? ለዳንኤል ነገርኩት። ግራና ቀኙን አየና በሹክሹክታ፣

«እነሱ ናቸው» አለኝ።

«እነማን?»

«እነሱ ናቸዋ!»

«ኦ... እነሱ።»

ያን ጊዜ «እነሱ» ከተባለ ማብራሪያ አይጠየቅም ነበር፤ ተውላጠ ስሙ ብቻውን ላብ ያስወጣል። ማስታወሻውን ላጥፋው ብል፣ ምን ደብቆ ነው ያጠፋው ይላሉ። ፓስዎርድ ልቀይር ብል፣ በሩን የቆለፈ ሰው ቤቱ ውስጥ ዕቃ አለው ይላሉ። መጻፍ ላቁም ብል፣ ማን ነግሮት አቆመ ይላሉ። የቀረኝ አንድ መንገድ ነው፤ ጠባይ ማሳመር።

ውሃ ሲጠፋ፣ «ዛሬ በሰፈራችን የቁጠባ ባህል የሚዳብርበት መልካም አጋጣሚ ተፈጥሯል» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ «ነዋሪው በሥርዓት የመቆም ልምዱ ከዕለት ወደ ዕለት እያደገ ነው» አልኩ። «አማቴ በቤታችን የሚያደርጉትን ቆይታ በስኬት ቀጥለዋል» አልኩ። ርዕስ ሲያጥረኝ ኮብልስቶን አለልኝ። የኮብልስቶኑን አነጣጠፍ ከዳር እስከ ዳር አወደስኩት! ዝናብ ሲመጣ እኮ ድንጋዩ ተነቅሎ እየፈሰሰ ቀበና ወንዝ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። አንዳንዴ የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው የምሽት ዜና የማነብ እየመሰለኝ ክራቫቴን አስተካክላለሁ።

ምን ያደርጋል፣ የፈሩት ይደርሳል። አንድ ቀን ስለ ቤተሰቤ ምንም ካልጻፍኩ ይጠረጥሩኛል ብዬ፣ «ባለቤቴ ወደ ዱባይ ብትሄድ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ግኝት የላቀ አስተዋጽኦ ታበረክታለች» ብዬ አረፍኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከስብሰባ ስመለስ ሰናይት ጠረጴዛው ላይ ጉርድ ፎቶዋን በመቀስ ትቆርጣለች።

«ምንድን ነው?»

«ፎቶ።»

«ለምን?»

«ለፓስፖርት። የውጭ ምንዛሪ ላመጣልህ ነዋ!»

ወንበሩን ይዤ፣ «ሰናይት... እነሱ... አንቺ ነሽ እንዴ?» አልኳት።

«እነማን?»

ተውላጠ ስሙ ሲያስፈራኝ ኖሮ ባለቤቱን ስጠየቅ አላውቀውም።

«ለእኅቴ ኢሜይል ልልክ ረሕማ ቤት ሄድኩ» አለችኝ። «ማንም እንዳያየኝ ጥጉ ላይ ተቀመጥኩ። ገጹ ገና ሲከፈት 'እንኳን ደህና መጣህ' ብሎ ያንተን ስም አወጣ።»

«እና የሰው ማስታወሻ ይነበባል?»

«አይነበብም። ልዘጋው ነበር። ስሜን አየሁ።» መቀሱን አስቀመጠች። «'ከማን ጋር ነው የምስቀው' ትላለህ። እዚያው ቁጭ ብዬ አልቅሼ ለእኅቴ አልመጣም ብዬ ጻፍኩላት። ከዚያ ወዲህ አንተ ስብሰባ ስትሄድ እኔ አንተን ላነብ እሄዳለሁ። ፊት ለፊት የማትለኝን እዚያ ትለኛለህ ብዬ። አንተ ግን ኮብልስቶን! በየሳምንቱ ኮብልስቶን! ሳይበቃህ እኔን...»

«እነሱ የሚያነቡት መስሎኝ ነው እኮ!»

«እና እኔን ሰጥተህ ልትድን?»

ለመቆጣት ተራው የኔ ነበር፤ ማስታወሻው የኔ፣ የተነበብኩት እኔ! ግን ፎቶዎቹን አየኋቸው። አራት ሰናይቶች ተሰልፈው፣ አንዷም አትስቅም። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

«አትሂጂ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«አትሂጂ! አልፈልግም እንድትሄጂብኝ! ቅሪ!» ጮኬ ኖሯል።

ሰናይት አፏን በእጇ ያዘች። ከወዲያኛው ክፍል የአማቴ ድምፅ መጣ።

«እኔን ነው እንዴ? አንቱታውስ የት ሄደ?»

ተያየን። በዚያች ሰዓት ምን ይባላል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

«አዎ፣ እማማ» አልኩ።

«እንግዲህ እንዲህ ከለመናችሁኝ... የትም አልሄድም!»

ሰናይት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ዓይኔ ግን አማቴ ወዳሉበት ክፍል ነበር።

ማስታወሻውን በማግስቱ አጠፋሁትና ይኼን ዓምድ ያዝኩ። የግል ጉዳይ በጋዜጣ ይጻፋል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይጻፋል! ጋዜጣ እቤታችን አይገባም፤ ምስጢሬ እናንተ ጋር ነው፤ እናንተ ደግሞ ለሰው አትናገሩም ብዬ ነበር። ታዲያ ትናንት ሰናይት ከሱቅ ሚጥሚጣ ገዝታ መጣች። ሚጥሚጣውን ብልቃጥ ውስጥ ገለበጠች፣ የተጠቀለለበትን ወረቀት አራገፈች፣ ዘረጋችው... ያለፈው ሳምንት ጽሑፌ ነው! እያስነጠሳት እስከ ተቀደደበት ድረስ አነበበችና ቀና አለች።

«የቀረው ግማሽ የታለ?»

እኔ ምን አውቃለሁ! የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሚጥሚጣ የሚገዛው ከዚያው ሱቅ ነው።