የፊተኛው ረድፍ

[ዌልስ፣ የኩምሄሊን መንደር የወንዶች መዘምራን ማኅበር አዳራሽ። ቅዳሜ የማኅበሩ መቶኛ ዓመት ይከበራል። ጸሐፊው ኢድዋል ከአያቱ ሣጥን ያገኘውን አሮጌ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ተኮፍሷል። ቀለም ቀቢው ቴግዊን አርባ ዓመት የቆመበትን የፊት ረድፍ ሊነጠቅ ነው። ከፍቶታል፤ ምላሱ ግን አይፈጥንለትም።]

ኢድዋል፦ ስንቴ ልንገርህ? ቅዳሜ ከፊት የሚቆመው የመሥራቾቹ ዘር ብቻ ነው።

ቴግዊን፦ አርባ ዓመት እኮ እዚያው ቆሜ ነው የዘመርኩት።

ኢድዋል፦ በስህተት ነዋ። ታሪኩን የጻፈ ሰው አልነበረም። አሁን እኔ ጻፍኩት።

ቴግዊን፦ አያቴም መሥራች ነበር።

ኢድዋል፦ በአፍ አይሆንም፣ ማስረጃ አምጣ። የኔ ይኸውልህ! ማኅበሩ በተመሠረተ በዓመቱ የጎረቤት መንደሮቹን ብሪንግሎዎችን አሸንፈን ዋንጫ የወሰድን ቀን የተነሣ ነው። መሀል ላይ ዋንጫውን ታቅፎ የቆመው ማነው?

ቴግዊን፦ አያትህ። አፍንጫው ያንተው ነው።

ኢድዋል፦ ጎሽ። ያንተስ የታለ?

ቴግዊን፦ [መነጽሩን ጠርጎ አንድ በአንድ ያያል] የለም።

ኢድዋል፦ የለማ! አይክፋህ፣ የኋላው ረድፍ ማሞቂያው አጠገብ ነው፤ ለጉልበትህም ደግ ነው።

ቴግዊን፦ ይሁን። ግን የቆሙት የማን ጸሎት ቤት ደጃፍ ላይ ነው?

ኢድዋል፦ የኛ ነዋ፣ የማን ሊሆን ነው?

ቴግዊን፦ የኛ አንድ በር ነው ያለው። ይሄ ሁለት አለው።

ኢድዋል፦ [ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ] ድሮ ሁለት ነበረ። አንዱን ደፈኑት።

ቴግዊን፦ አምና አሮጌውን ቀለም ፍቄ የቀባሁት እኔ ነኝ። ግድግዳው ወጥ ድንጋይ ነው፣ የተደፈነ ነገር የለውም። ሁለት በር ያለው የብሪንግሎዎቹ ነው። እሱንም ቀብቻለሁ።

ኢድዋል፦ [ፎቶው ላይ አፍንጫው እስኪነካ ተጠግቶ] ታዲያ አያቴ እዚያ ምን ይሠራል?

ቴግዊን፦ ዋንጫ ይዟል።

ኢድዋል፦ የነሱን?

ቴግዊን፦ ያኔ ቀጭን ድምፅ ያለው ሰው ሲጠፋ ከጎረቤት መንደር ያስኮበልሉ ነበር። አያቴ «አንዱ ከድቶን ተሸነፍን» እያለ እስኪሞት ሲቆጭ ኖረ። ስሙን ግን አልነገረኝም። ጨዋ ሰው ነበር።

ኢድዋል፦ [ላቡን እየጠረገ] ቴግዊን፣ ወንድሜ፣ ይህችን ነገር በሁለታችን መሀል እናስቀራት።

ቴግዊን፦ ታሪክ አይደለች እንዴ?

ኢድዋል፦ በቃ፣ አንተ ከፊት ቁም። እኔስ የት ልቁም?

ቴግዊን፦ [ባርኔጣውን እየደፋ] እኔ እንጃ። ብሪንግሎዎች የሚለማመዱት ረቡዕ ረቡዕ ነው።