አዲስ መንገድ የሚፈራ ሰው

ውሻ የሚፈራ ሰው አይታችሁ ይሆናል። አዲስ መንገድ የሚፈራስ? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ እዚህ ሆላንድ፣ ቢልመር የሚሉት ሰፈር የሚኖር ኤፍሬም የሚባል ወዳጄ ነው። ዴንሃግ ከተማ ዶክትሬቱን ይማራል። የሚያጠናው እንግሊዞች በቅኝ ግዛታቸው ለጦራቸው መንገድ ሲያሠሩ ገንዘቡን ከየት እንዳመጡት ነው። ከየት ይመጣል? ከገበሬው በግብር ይሰበሰባል። መንገዱ ሲያልቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣበት ወታደር ነው፤ ግብር ያልከፈለውን ሊይዝ። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሲያነብ የከረመ ሰው እንዴት ጤና ይሆናል?

አንድ ቀን ደወለልኝና «ቶሎ ና፣ ደጃፌ ደርሰዋል!» አለኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። ለካስ ማዘጋጃ ቤቱ በደጁ የሚያልፈውን መንገድ እያሰፋ ነው። ኤፍሬም አንዱን ሠራተኛ ጠጋ ብሎ፣

«የዚህን መንገድ ወጪ ማነው የሚከፍለው?» አለው።

«አንተው ነሃ! የነዋሪው ግብር ነው» አለ ሰውየው እየሳቀ።

ኤፍሬም ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። «አይዞህ፣ ይሄ እኮ ሆላንድ ነው» ብዬ ሳቅሁበት።

መንገዱ ባለቀ ማግስት ቤቱ ሄጄ በመስኮት እያየን ሳለ፣ የመጀመሪያዋ መኪና መጣች። የፖሊስ ናት። ቀስ እያለች መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አላልኩህም?» አለኝ በሹክሹክታ።

የመኖሪያ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ግብሬም በየወሩ ከደሞዜ ይቆረጣል። ታዲያ ምን ሆኜ ነው ኪሴን የምዳብሰው? ፖሊሱ ቀና ብሎ አየንና በፈገግታ እጁን አውለበለበልን።

እኛም ሁለት ሁለት እጃችንን ወደ ላይ ሰቀልን።