የወፍራም ሰው ጾም

ወፍራም ሰው ጎመን በልቶ ሲኖር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አላያችሁም። ብታዩም አታምኑም። እኔ ግን አለሁላችሁ! ከልጅነቴ ጀምሮ ሥጋ አይስማማኝም፤ ሽታው ራሱ ያጥወለውለኛል። ፋሲካም ይሁን ሰርግ የእኔ ድርሻ ሽሮና ጎመን ነው። ሰውነቴ ደግሞ የእናቴ ነው፤ ምን ላድርገው? በየቀኑ ከሾላ ገበያ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። ያለቀው ጫማዬ ብቻ ነው።

ሰርግ ቤት ከሄድኩማ ጉድ ነው። አስተናጋጁ ሳይጠይቀኝ ጥሬ ሥጋ ይቆልልልኛል። አልበላም ስለው ይስቃል። "ኧረ እትዬ፣ አይግደርደሩ!" ይለኛል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው አሉ።

እሱስ ይሁን። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሾላ ገበያ ዳር የጾም ምግብ ቤት አለችኝ። ዓመቱን የምኖረው በዐቢይ ጾም ሥራ ነው። ዘንድሮ ጾሙ እንደገባ ወሬ ተነሳ። ሽሮዋ ላይ ቅቤ ጠብ ታደርጋለች ተባለ። ማስረጃው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሽሮው ይጣፍጣል፤ እኔ ደግሞ ወፍራም ነኝ። ጎመን በልታ ነው እንዲህ የሆነችው? አሉ። ዘይቱን እንደ ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት ስለማነጥረው ነው የሚሸተው። ጓዳ አስገብቼ ድስቱን ከፍቼ አሳየኋቸው። እነሱ የሚያዩት ግን ዳሌዬን ነው! ጾም አስገዳፊ ተባልኩ። እኔ! ምሳ ሰዓት ላይ ዝንብ እሽ ስል ዋልኩ። ቤቴ ሊዘጋ ምንም አልቀረው።

ቢጨንቀኝ የአክስቴን ልጅ ሰላምን አመጣኋት። ሰላም ቀጭን ናት፤ ነፋስ ይወስዳታል የምትባል ዓይነት። ነጠላ አስለብሼ በር ላይ አቆምኳት። ጓዳ አላስገባኋትም፤ ሽንኩርት እንኳ ታሳርራለች። በሳምንቱ ቤቱ ጢም አለ! ያው ሽሮ፣ ያው ድስት፣ ያው የእኔ እጅ። "አሁን ገና የጾም ጣዕም መጣ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው። ደስ ይበለኝ ወይስ ድስቱን አናታቸው ላይ ልድፋው?

ባለፈው አርብ ጋሽ መኮንን መጡ። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የቅቤውን ወሬ መጀመሪያ የነዙትም እሳቸው ናቸው። ቤቱ ሙሉ ነበር፤ ሰላም ለጉዳይ ወጣ ብላለች።

"አንቺ፣ ያቺን ልጅ ምን አድርገሻት ነው?" ብለው ጮኹብኝ።

ለካ አያት ኮንዶሚኒየም ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው፣ ሰላም ጥብስ ስትበላ በዓይናቸው በብረቱ አይተዋታል። በጾሙ! ሰላም ቤቷ እዚያው አያት ነው፤ የሾላ ሰው እዚህ ማን ያየኛል ብላ ነው። በቃ፣ ዛሬ ተዘጋሁ አልኩ። ደግሞ ልዋሽ እንዴ? ውስጤ ትንሽ ደስ ብሎታል። የሚገድፈው ማን እንደሆነ ታወቀ!

ጋሽ መኮንን ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ምስኪን! ጾሙ ጎድቷት ነው። ሐኪም አዝዟት ይሆናል" አሉ። ቤቱ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠላት። አንዷማ "እግዜር ይማራት" አለች።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ በሕይወቴ ሥጋ በልቼ አላውቅም!" አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች ገረመሙኝ። "አንቺማ ደልደል ያልሽ ነሽ፤ ምን ትሆኛለሽ? የእሷንም ደርበሽ ጹሚላት" አሉኝና ሽሮ አዘዙ።

ሰላምን ላባርራት? እሷ ከሄደች ደንበኛው አብሯት ይሄዳል። ሽሮውን አቀረብኩላቸው። የሰፈራችን ሃይማኖትም ያን ዕለት ገባኝ። ሥጋ መብላት ጾም አያስገድፍም፤ የሚያስገድፈው መወፈር ነው።