የአሥራ አንድ ሳምንቱ ወንድ

መቼም ሰው ከማኅፀን ጀምሮ ካልተሰየመ እንቅልፍ አይወስደንም። በሰፈራችሁ እርጉዝ ካለች ታውቁታላችሁ። ሆዷ ሾጠጥ ካለ ወንድ ነው፣ ክብ ካለ ሴት ናት፣ ፊቷ ከጠቆረ ደግሞ ሌላ ክርክር ይነሳል። እሷ ራሷ ደህና ናት ወይ ብሎ የሚጠይቅ ከስንት አንድ ነው። እኔማ የባሰብኝ ነበርኩ፤ አምቦ ባዮሎጂ አስተምር ስለነበር የምቸኩለው በሳይንስ ነው።

ባለቤቴ ጫልቱ ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። ሦስተኛው አሥራ አንድ ሳምንት ሲሞላው ደም ታያት። የአምቦው ሐኪም፣ አዲስ አበባ አልትራሳውንድ የሚባል መሣሪያ አለ፣ ሆድ ሳይከፈት ጽንሱን ያሳያል፣ ቶሎ ሂዱ አለን። በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። ጊንጪ ላይ ሰው ሁሉ ቆሎ ሊገዛ ሲወርድ እኛ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀመጥን። እሷ ትጸልያለች። እኔም መምህርነቴን ረስቼ ተሳልኩ።

ሐኪሟ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። የጫልቱን ሆድ ቅባት ቀብታ በመሣሪያው ስትዳስስ፣ ስክሪኑ ላይ ለእኔ የታየኝ ጭጋግ ብቻ ነበር። ቆይታ በጣቷ አንድ ቦታ ጠቆመች፤ ብልጭ ብልጭ የሚለው ልቡ ነው አለችን። ጫልቱ አለቀሰች። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን በእግሮቹ መካከል ቀና ያለች ትንሽ ነገር አየሁና፣ ወንድ ነው ብዬ አወጅኩ። ሐኪሟ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ባዮሎጂ መምህር ነኝ አልኳት።

«እንግዲያማ ያውቁታል» አለች ሳቋን እየዋጠች። «በዚህ ዕድሜ ወንዱም ሴቷም ይቺ እንቡጥ አለቻቸው። የሚለዩት ከሳምንታት በኋላ ነው። ለዛሬ ልቡ መምታቱ ይበቃዎታል።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ? ለካ ይህ በየዓመቱ ስደርስበት አፍሬ፣ ተማሪዎቼን «ቤታችሁ አንብቡት» እያልኩ የምዘለው ምዕራፍ ኖሯል።

አምቦ መናኸሪያ አማቴ ኦቦ ቶሎሳ ከካቺሲ መጥተው ሲጠብቁን አገኘናቸው። ለዓመታት ወንድ የልጅ ልጅ ካላየሁ አልሞትም ሲሉ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ምን እንደምላቸው ጨንቆኛል። ልጃቸው ደህና መሆኗን ነገርኳቸው፣ የጽንሱም ልብ ይመታል አልኳቸው። ወደ ሰማይ ቀና ብለው በኦሮምኛ ፈጣሪን አመሰገኑ። ከዚያ እንደ ጥፋተኛ፣ ወንድነቱ ሴትነቱ ገና አልተለየም አልኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ወንድ ልጃቸውን የቀበሌ ታጣቂዎች ከገበያ መካከል ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውባቸዋል፤ ደብዳቤ እንኳ አልመጣም። ግራ ቀኙን ቃኝተው ወደ ሁለታችን ጠጋ አሉ።

«ተወው በርሲሳ፣ አይቸኩል» አሉኝ፤ መምህርነቴን ሲያከብሩ እንዲያ ነው የሚጠሩኝ። «ወንድ መሆኑ ከታወቀ ቀበሌ ይመዘግበዋል።»

ሦስታችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ሳቁን ሳይጨርሱ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጽንሱ ወሩን ጠብቆ፣ ሰፈሩን በለቅሶ እየቀሰቀሰ ተወለደ። ጫልቱም በሰላም ተገላገለች። እኔም ያንን ምዕራፍ ከዚያ ወዲህ ዘልዬው አላውቅም።

አሁን እናንተ ደግሞ፣ ታዲያ ወንድ ሆነ ሴት ልትሉኝ ነው። ልቡ ይመታል አልኳችሁ እኮ። ቀበሌ ናችሁ እንዴ?