እትዬ ብርቄ መጫወቻ ቦታ የሄዱ ዕለት

ሰው ሲታመም ዘመዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጨዋ ይሆናል። ስልክ የማያነሳው ያነሳል፣ ለዓመት በዓል ብቻ ብቅ የሚለው ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ በር ያንኳኳል፣ ሲነጋ ሲመሽ የሚነታረኩት ወንድምና እህት "አንቺ ቅደሚ፣ አንተ ቅደም" መባባል ይጀምራሉ። በሽተኛው ከዚህ ወዲያ ምን የላብራቶሪ ውጤት ያስፈልገዋል? እኛ ዘንድ ደግሞ የበሽታውን ነገር መጨረሻ ላይ የሚሰማው ራሱ ባለቤቱ ነው። ሐኪሙ ለቤተሰብ ይናገራል፣ ቤተሰብ ለጎረቤት ሹክ ይላል፣ ጎረቤት ለእድሩ ያደርሳል፤ ታማሚው ግን "ቀላል ነው፣ ብርድ ነው" እየተባለ ሾርባውን ይጠጣል።

እትዬ ብርቄ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። መርካቶ ውስጥ ከራጉኤል ወረድ ብላ ባለች፣ ሁለት ደንበኛ ከገባባት ሦስተኛው ውጭ በሚቆምባት ሱቃቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረዋል። ስኳር አለባቸው። "ስኳር ካለብኝ ምላሴ ምነው መረረ?" እያሉ ሲቀልዱ ቆይተው፣ ባለፈው ክረምት ቀኝ እግራቸው ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድንም አለች። ጣታቸው ጠቆረ፣ መራመድ ቀረ፣ ዊልቸር ቤታችን ገባ። በመጨረሻም ሐኪሙ እኔንና ልጃቸውን ሰናይትን ወደ ጥግ ወስዶ፣ እግሩ ካልተቆረጠ እትዬን እንደምናጣቸው ነገረን።

ችግሩ እትዬ አስቀድመው ምለዋል። አንድ ጎረቤታችን እግሩን ሲቆረጥ ሰምተው "እኔ ጎደሎ ሆኜ አልቀበርም፤ ሙሉ አድርጎ ለፈጠረኝ ሙሉ ሆኜ ነው የምመለስለት" ብለው ነበር። እትዬ ብርቄ ከማሉ ደግሞ ማሉ ነው። ታዲያ ማን ይንገራቸው? መርዶ እንኳ ስንት ወግ አለው፤ በማለዳ ይኬዳል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ሰውየው እንዳይወድቅ የሚይዘው ይዘጋጃል። ለእግር መርዶ ግን አባቶቻችን የደነገጉት ሥርዓት አላገኘንም።

መላው የመጣው ከሰናይት ነው። ልጅ ሳለች "መጫወቻ ቦታ ውሰጂኝ" እያለች ስታለቅስ፣ እትዬ "ሱቁን ለማን ትቼ?" እያሉ ሳይወስዷት አደገች። እሳቸውም ቢሆኑ ሰው አስቀምጦ እየዞረ ሰማይ ጥግ የሚያደርሰውን ያን ትልቅ የመጫወቻ ጎማ በቴሌቪዥን ባዩ ቁጥር "እሱ ላይ ሳልወጣ ልሞት ነው" ይሉ ነበር። እንግዲህ እንውሰዳቸው፣ ጎማው ላይ ይውጡ፣ ይሳቁ፣ ልባቸው ሙቅ እንዳለ ይነገራቸው ተባለ። ተናጋሪ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኬን ወሬኛ ያሰኘኝ አፍ ያን ቀን ለሹመት በቃ።

መርካቶን በዊልቸር መሻገር ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩት። ገና ከሱቃቸው በር ሳንርቅ በአይሱዙና በሽንኩርት ጆንያ መሃል ተቀረቀርን። ደግነቱ ስንት ዘመን የእትዬን ጣቃ ጨርቅ የተሸከሙት ኩሊዎች አዩንና ከነወንበራቸው ብድግ አደረጓቸው። እትዬ ከላይ ሆነው "ቀስ በሉ፣ እኔ ስወድቅ እንደ ጣቃ አልጠቀለልም" ይላሉ። መንገደኛው ሁሉ ምሕረት እየተመኘ የትኛው ጠበል እንደምንሄድ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ እውነቱን እናገራለሁ፤ መጫወቻ ቦታ። የጎን ሱቁ ባለቤት ሐጂ ይህን ሲሰሙ እትዬን "አላህ ያሽርዎት" አሉና፣ እኔን ቆም ብለው አይተው "አንተንም" አሉኝ።

መጫወቻ ቦታው ስንደርስ ደግነታችን ቅጥ አጣ። ሰናይት ፈንድሻ ገዛች፣ እኔ ስኳር የሌለውን ነገር ሁሉ አግበሰበስኩ። እትዬ "ይበርዳል" ሲሉ በረደን፣ "ሞቀ" ሲሉ ጃኬታችንን አወለቅን። ወንበራቸውን ለመግፋት ተጋፋን። ከሰናይት ጋር እንኳን ወንበር ልንጋራ፣ ዳቦ ተካፍለን በሰላም የበላንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጎማው ዘንድ ስንደርስ ሠራተኛው በጣም በትሕትና ከለከለን። ጎማው ሙሉ በሙሉ አይቆምም፤ እየዞረ ፈጠን ብሎ ዘሎ መግባት ያስፈልጋል፤ ራሱን ችሎ መሳፈር የማይችል ሰው አይፈቀድለትም። እኔ ስለ ሰው ልጅ ክብር፣ ስለ እናቶች ውለታ፣ ስለ አገር ዕድገት ንግግር አደረግሁ። ሰውየው እስክጨርስ ታገሠኝና "ሕግ ነው፣ ጋሼ" አለኝ። ይኼ ሰው በዕድሜ ቢበልጠኝ እንጂ አያንሰኝም፤ ጋሼነቱን ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቀው። እትዬ ክርክሩ ውስጥ አልገቡም። አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ላይ ደርሰው የሚጮሁትን ልጆች ያያሉ።

ከዚያ ወደ ጥላው እንድንገፋቸው ጠየቁን። እኔን ፊት ለፊታቸው አስቀመጡኝና፣ ደንበኛን በሚያነጋግሩበት ድምፅ፣ ጨርቅ ሲሸጡ ከኖሩ አንድ ነገር እንደተማሩ ነገሩኝ። "ገዢው ሳይከራከረው ዋጋ የሚቀንስ ነጋዴ ካየህ ጣቃው ውስጥ እንከን አለ። እናንተ ደግሞ ሰሞኑን ዝም ብላችሁ ስትቀንሱልኝ ነው የከረማችሁት። በል እንከኑን ግለጠው" አሉኝ።

መግቢያም መደምደሚያም ያለው ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ሰናይት ፊቷን አዙራ ማልቀስ ጀመረች። እኔ "እግሩ..." ብዬ ቀረሁ።

"ከየት ላይ?" አሉ።

አፌ እምቢ ሲለኝ እጄን በገዛ እግሬ ላይ፣ ከጉልበቴ ከፍ አድርጌ አሳረፍኩት። እጄን ትክ ብለው አዩት፤ ስንት ክንድ እንደሆነ በዓይናቸው የለኩ መሰለኝ። "እንዳያሳጥሩት ንገሯቸው፤ አንዴ ያጠረ አይረዝምም" አሉ። ካልተቆረጠስ ብለው ጠየቁኝ። እንደምናጣቸው ነገርኳቸው፤ በዚያን ቀን ለእሳቸው የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት እሱ ነው። "ለዚህ ነው እንግዲህ ፈንድሻው" አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

እትዬ ሲያለቅሱ ያየሁት እናቴ የሞተች ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እየጮሁ ነበር፤ አሁን ግን ድምፅ የላቸውም፤ ነጠላው ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። ከበላያችን ጎማው እየዞረ ነው፣ የሰው ልጅ ሁሉ ይስቃል። እጃቸውን ልይዝ ፈለግሁና የትኛውን እንደምይዝ ጠፋኝ።

ነጠላቸውን ሲገልጡ ለእኔ አልተናገሩም። ወደ ሰናይት ዞረው "ይህ ልጅ አንድ እናት ቀብሯል፤ ይበቃዋል። ይቁረጡት" አሏት። ግን አንድ ነገር አስማሏት፤ የተቆረጠው እግር ሆስፒታል እንዳይቀር፣ እሳቸው በሚቀበሩበት ደብር በወግ እንዲቀበር። ሙሉ ሆነው ለመመለስ ሌላ መንገድ አላገኙም።

እግሩ ተቆረጠ፤ እሳቸው ተረፉ። ቀብሩ ሲነገር እድሩ ተሰብስቦ ለእግር ድንኳን ይተከላል ወይስ አይተከልም ብሎ ከባድ ክርክር ገጠመ። አንዱ አባል፣ ነገ ዋናዋ ባለቤት ሲያርፉ ሁለተኛ ልንቀብር ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ድንኳኑ ይቅር፣ ቀባሪ ግን ይሂድ ብለው ፈረዱ።

እትዬ ከሆስፒታል እንደወጡ እግሩን ቀበርነው። ሳጥኑ ትንሽ ነበር፤ የሕፃን ይመስል ነበር። እኔ ተሸከምኩት፤ ሰናይት የእትዬን ወንበር ትገፋለች። የመጣው ሰው ማልቀስ ይገባው እንደሆነ ግራ ገብቶት መሬት መሬት ያያል። አፈሩ ሲመለስ ግን ሰናይት አልቻለችም፤ እሷን አይቼ እኔም አልቻልኩም፤ እኔን አይተው የእድሩ ሰዎች ጀመሩ።

እትዬ ብርቄ የቀረችውን እግራቸውን በጋቢ ሸፈን አድርገው ሁላችንንም አዩን። "ምን ያስለቅሳችኋል?" አሉ። "የመርካቶ እግር አይደል፤ ቀድሞ ሄዶ ቦታ ያዘልኝ።"