ድኩላውና ጨዋዎቹ

እኛ የጎንደር ሰዎች ተፈጥሮን እንወዳለን፤ ችግሩ ዝም ብለን መውደድ አለመቻላችን ነው። ጫካ የምንገባው በግ እየጎተትን፣ የድምፅ ማጉያ ተሸክመን ነው። ሲመሽ ደግሞ «ምነው፣ እዚህ ደን ውስጥ አራዊት አለ ሲባል አልነበር?» እያልን እናማርራለን። ታዲያ አራዊቱ ምን ያድርጉ? ወጥተው እስክስታ ይውረዱልን?

እኔና ባለቤቴ የሺ ከዚህ መንጋ አንቆጠርም ብዬ አምን ነበር። የሺ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። «ሲስተር፣ ሲስተር» ሲሏት ትውላለች፣ ሲሏት ታድራለች፤ ሰሞኑንማ ተኝታ ሁሉ «መጣሁ» ማለት ጀምራለች። በስንት ልመና አንድ ቀን ዕረፍት ሲሰጧት፣ «ሰው የማይጠራኝ ቦታ ውሰደኝ፤ አንድ ድኩላ አይቼ ልመለስ» አለችኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የመንግሥት ደን ድኩላ እንደማሳያት ቃል ገባሁ፣ የደኑ ባለቤት ይመስል።

አጎቷ አያ ደሴ ከአገራቸው ከትክል ድንጋይ ሊጠይቁን መጥተው ስለነበር ጥለናቸው መሄድ ነውር ሆነብን። ድኩላ ለማየት ብሎ በመኪና የሚሄድ ሰው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ ዝምታ ሰበክኋቸው፤ እሺ አሉ።

እውነትም ዝም አሉ። ጥድ ሥር ቁጭ ብለን ዳቦ እየቆረስን ሳለ ድኩላው ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። የሺ እጄን ጭብጥ አደረገችው። ፊቷ እንዲያ ሲፈታ ካየሁ ቆይቻለሁ። ይኼኔ የደኑ ጥበቃ በማዶ በኩል ሲያልፍ ታየ። አያ ደሴ ዳቦውን አዩ፣ ጥበቃውን አዩ፣ እኔን አዩ። ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። ከንቱ ነው።

«እንብላ!» አሉ፣ ሸለቆው እስኪያስተጋባ።

ጥበቃውም የጨዋ ልጅ ሆኖ ተገኘ። አሁን መብላቱን ከማዶ ጮኾ አስታወቀ። አያ ደሴ በሞቴ አሉት፣ እሱ አይሆንም አለ፣ እርሳቸው አፈር ስሆን አሉ። ድኩላው በየት እንደሄደ ያየ የለም።

የሺ እንባዋ ቀረረ። ተናደድኩ፤ አያ ደሴን ገላመጥኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ሰው እያየን እንደ ሌባ እንዋጥ?» አሉኝ።

ጥበቃው መጥቶ ዳቦውን ቀመሰ፤ የሺ ስታዝን አይቶ ድኩላው ውሃ ወደሚጠጣበት ምንጭ ወሰደን። በደረታችን ተኝተን ጠበቅን። አያ ደሴ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነዋል፤ እኔ ግን አላመንኳቸውም፣ ዓይኔን ከእርሳቸው ላይ አልነቀልኩም። ድኩላው ቀስ እያለ መጣ፣ አጎነበሰ። የሺ ፈገግ አለች።

አነጠሰኝ።

ድኩላው ቀና ብሎ አየኝ። ንቆኝ ነው መሰለኝ፣ አልሸሸም፤ ተመልሶ አጎነበሰ። ተርፈን ነበር። ግን ጥበቃው፣ አያ ደሴና የሺ በአንድ አፍ «ይማርህ!» አሉ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የየሺ ድምፅ ነው።

ድኩላው ማስነጠሴን ችሎ ነበር፤ ምርቃቱን ግን አልቻለውም። በአንድ ዝላይ ጠፋ። እኔስ ምን ላድርግ? ስድ አደግ አይደለሁ፤ «ያኑራችሁ» አልኩ።